በብስክሌት መስመሬ ቀጥ ብዬ እየሄድኩ መኪና ገባብኝ፤ ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ሁለት_ጎማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በብስክሌት ወደ ሥራ መመላለስ ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቀለም በተቀባው የብስክሌት መስመር ቀኜን ይዤ እየሄድኩ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ እኔም ቀጥታ ነው የምሄደው። መስቀለኛው ጋ ልደርስ ስል አንድ ነጭ መኪና በግራዬ ቀደመኝና ወዲያው ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ልክ ከፊቴ። ፍሬቻ አብርቶ ነበር? አዎ፣ ግን ያበራው መሪውን ጠምዝዞ ከጀመረ በኋላ ነው። ደንግጬ ሁለቱንም ፍሬን ጭምቅ አደረግኩ። የፊት ጎማው ቀጥ አለ፣ የኋላው ተነሳ፣ እኔ በመሪው ላይ አልፌ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋሁ። መኪናውን አልነካሁትም። ግራ መዳፌ ተልጧል፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ጭንቅላቴ ደህና ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

ያናደደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውዬው ወረደና ገና «ተጎዳሽ?» ሳይለኝ «አታዪም እንዴ? ፍሬቻ አብርቻለሁ እኮ!» አለኝ። እጄ እየደማ ነው። በዚያ ላይ አንድ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ «አንቺስ ብትሆኚ በእግረኛው መንገድ ብትነጂ ምን ነበረበት?» ብሎ ምክሩን ለግሶ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እውነት ለመናገር ፈርቻለሁ። ሁለት ቀን በእግረኛው መንገድ ነዳሁ፣ እዚያ ደግሞ እግረኛው ይቆጣኛል፣ እውነቱን ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ቅድሚያ የለውም ወይ? ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምን ባደርግ ነበር የማልወድቀው? «ተጠንቀቂ» አትበሉኝ በናታችሁ፣ ተጠንቅቄ ነው የወደቅኩት።

የማለዳ_ፔዳል፦

እግዜር ይማርሽ እህቴ። ከ10 ዓመት በላይ ነድቻለሁ፣ ይሄ ያንቺ ዓይነቱ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ በደንብ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቀድሞሽ ያልፍና በላይሽ ላይ ይታጠፋል።

ቅድሚያው ያንቺ ነው። የብስክሌቱ መስመር እንደ ማንኛውም የመንገድ መስመር ነው፣ መስመር አቋርጦ የሚታጠፍ ደግሞ በዚያ መስመር የሚሄደውን ማሳለፍ አለበት። እንግሊዞች በ2022 እ.ኤ.አ. የመንገድ ደንባቸውን ሲያሻሽሉ ይሄን በግልጽ ጽፈውታል፤ ሌላ መኪና ፊት እንደማትታጠፈው ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ብስክሌተኛ ፊትም አትታጠፍ ይላል። ግን ቅድሚያ አጥንት አይጠግንም፣ ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልሂድ።

መታጠፊያ ሲቀርብ ፍሬቻ አትጠብቂ። ፍሬቻ ውሸታም ነው፤ ሲበራም ላይታጠፍ ይችላል፣ ሳይበራም ይታጠፋል። የፊት ጎማውን እዪ። መኪና ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚነግርሽ የፊት ጎማው ነው፣ ቀጥሎ የሾፌሩ ጭንቅላት። ሌላው ምልክት ደግሞ ቀድሞሽ ሲያበቃ ፍጥነቱን መቀነሱ ነው። ለምን ቀደመኝ፣ ለምን ቀነሰ? ይታጠፋል ማለት ነው። እዚያ ላይ በቀኙ ሾልኮ ለማለፍ መሞከር የለም፣ ኋላው ሁኚ።

ከሁሉ በፊት ግን ቦታሽ ነው። ከመስቀለኛው 20 ወይም 30 ሜትር ያህል ሲቀርሽ በግራ ትከሻሽ ወደ ኋላ እዪ፣ ክፍት ከሆነ በእጅሽ ምልክት ስጪና ከጠርዙ ወጥተሽ ወደ መኪናው መስመር መሐል ግቢ። ያኔ ሊቀድምሽ አይችልም፣ ኋላሽ ሆኖ ነው የሚታጠፈው። መስቀለኛውን ስትጨርሺ ወደ ጠርዝሽ ተመለሺ። መጀመሪያ ያስፈራል፣ አውቃለሁ።

ፍሬኑንም ልንገርሽ። የሚያቆምሽ የፊቱ ነው፣ የሚገለብጥሽም እሱ። በድንገት ስትይዢ ቂጥሽን ከመቀመጫው ወደ ኋላ ግፊ፣ ክንድሽን ዘርጊ፣ የፊቱን አንዴ ከማነቅ ቀስ በቀስ ጨምሪበት። ባዶ ቦታ ላይ 10 ጊዜ ተለማመጂው፣ የዚያን ቀን ሰውነትሽ ሳታስቢው ያደርገዋል።

የእግረኛ መንገዱን ግን ተይው። ከግቢ የሚወጣ ሾፌር እዚያ የሚጠብቀው በእርምጃ የሚመጣ ሰው ነው፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ነገር አይጠብቅም። እንዲያውም የባሰ ነው።

ስፖኪዮ፦

እኔ ሾፌር ነኝ፣ 14 ዓመት ነድቻለሁ። ከመስደባችሁ በፊት አስጨርሱኝ።

ሰውዬው ወርዶ መጮሁ ነውር ነው። እሱን ልተወውና እዚያ ቦታ ላይ ጭንቅላታችን ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ወደ ቀኝ ስታጠፍ መብራቱን አያለሁ፣ ዜብራው ላይ የገባ እግረኛ አለ ወይ እላለሁ፣ ከግራ የሚመጣውን አያለሁ፣ ከኋላዬ ያለው ክላክስ ያንባርቅብኛል። ይሄ ሁሉ በ3 ሰከንድ ውስጥ ነው። ብስክሌተኛዋን ቅድም አይቻታለሁ፣ ቀድሜያታለሁ፣ አለቀ። ካለፍኳት በኋላ ለእኔ እዚያ የለችም። ከኋላዬ የቀረች ይመስለኛል እንጂ እኔ ለመታጠፍ ስቀንስ እሷ እየደረሰችብኝ እንደሆነ አላስብም። ክፋት አይደለም፣ መርሳት ነው። ለወደቀው ሰው ልዩነት የለውም፣ ገባኝ፣ ግን እናንተ ሆን ብለን የምንገባባችሁ ነው የሚመስላችሁ።

እኔ አንድ ቀን ብስክሌተኛ ለትንሽ ሳልገጭ ከቀረሁ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ከመታጠፌ በፊት የቀኝ ስፖኪዮ አያለሁ፣ ከዚያ አንገቴን አዙሬ በትከሻዬ አያለሁ፣ ከዚያ ስፖኪዮውን ድጋሚ። ሁለቴ የማየው ለምን መሰላችሁ፣ ዓይን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ሲዘል በመሐል ያለውን አያይም፣ አእምሮ ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። በጠራራ ፀሐይ ከንጹሕ መስታወት ብስክሌት የሚጠፋው በዚህ ነው። በዚያ ላይ የንፋስ መከላከያው መስታወት ጎንና ጎን ያሉት ብረቶች አሉ፣ እንደ ርቀቱ አንድ ሙሉ ብስክሌተኛ ይደብቃሉ። እኔ አንገቴን ብቻ ሳይሆን ወገቤን ነው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የማንቀሳቅሰው፣ ሰው ሲያየኝ የምጨፍር ይመስለዋል።

አሁን የእኔ ተራ። ማታ ያለ መብራት የምትነዱ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ? ባለፈው ወር ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ መብራት የለው፣ አንጸባራቂ የለው፣ ጭራሽ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ ልጅ ነበር። ከመንገድ ዳር ወጥቼ ልገባ ወደ ግራ እያየሁ ነው፣ መኪና የሚመጣው ከዚያ ነዋ። እሱ በቀኝ መጣ። ፍሬን የያዝኩት መንገዱ ዳር የነበረ ሰው ስለጮኸ ነው እንጂ እኔ አላየሁትም። ልጁ ኮፈኑን በእጁ መታ መታ አድርጎልኝ ሄደ። መብራት የሌለው እሱ፣ ኮፈን የሚደበድበው እሱ።

ኩርባ፦

መንገድ ለመኪና ነው የተሠራው። ግብር የምንከፍለው እኛ፣ መስመር የሚሰጣቸው እነሱ። አሁን ደግሞ ከመስመራቸው ወጥተው መሐል ይግቡ ተባለ። ጉድ ነው። ትንሽ ቆይታችሁ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ይውረድ ትላላችሁ።

ሒሳብ_ወዳድ፦

@ኩርባ የመንገድና የግብር ነገር ካነሳህ፣ መንገዱን ማን እንደሚጎዳው አንድ ስሌት ልስጥህ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አስፋልት ላይ ለረጅም ጊዜ ከባድ መኪና እያመላለሱ ሙከራ አድርገው ነበር። ከዚያ የወጣው ግምት በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአንድ አክስል (ጎማዎቹ የሚያያዙበት ዘንግ) ላይ ከሚያርፈው ክብደት አራተኛ ኃይል ጋር ይሄዳል የሚል ነው። ብስክሌት ከነነጂው 100 ኪሎ ብትለው በአንድ አክስል 50 ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በአንድ አክስል 750። 15 እጥፍ ሆነ። አራት 15ን እርስ በርስ አባዛ (15×15×15×15)፣ 50,625 ይመጣል። መኪናህ አንዴ ሲያልፍ እሷ ከ50 ሺህ ጊዜ በላይ መመላለስ ትችላለች ማለት ነው። ደግሞ ብስክሌት የሚነዳው ሰው ግብር አይከፍልም ያለህ ማነው? ብዙዎቻችን መኪናም አለን።

ባለ_ትልቁ፦

ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ብዙ አልጽፍም፣ መኪናው ቆሞ እየተጫነ ነው።

@ሁለት_ጎማ አንቺን የገጠመሽ ትንሽ መኪና ስለሆነ ተርፈሻል። ከእኔ ዓይነቱ ጋር ግን የማለዳ_ፔዳል ያለሽን ሁሉ እርሺውና አንድ ነገር ያዢ፤ በቀኜ አትቁሚ። መብራት ይዞኝም ቢሆን፣ የብስክሌቱ መስመር በቀኜ በኩል ክፍት ቢሆንም። ባዶ መሆኑ አያታልልሽ።

መጀመሪያ ሥልጠና ላይ አስተማሪያችን አንድ ነገር አሳየን። እኔን ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝና «ስፖኪዮዎቹን አስተካክል፣ ከዚያ ምን እንደሚታይህ ንገረኝ» አለኝ። ምንም፣ አልኩት። «ውረድና ዙር» አለኝ። ወርጄ ስዞር አምስት የሥራ ጓደኞቼ ብስክሌት ይዘው ከቀኝ በሩ ሥርና ከፊት ባምፐሩ ጥግ ቆመው ይስቃሉ። አምስት ሰው! አንዱንም አላየሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኝ የምታጠፍበት ሁሉ ሆዴ ይላወሳል።

ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ አድርጌ እወጣለሁ። ብስክሌተኛው ያንን ሲያይ ቦታ የለቀቅኩለት ይመስለውና በቀኝ ይገባል። ከዚያ ቦታው ይጠባል፣ ይጠባል፣ መውጫ የለውም። ጀርመኖች ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተማ ውስጥ ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ መኪና ብስክሌት ወይም እግረኛ ሊመጣ በሚችልበት ቦታ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሁን ብለዋል። ቀልድ አይደለም፣ እኔ ሕግ ሳያስገድደኝ አደርገዋለሁ። ከኋላ ያለው ክላክሱን ያንጫጫ።

መስታወቴን ካላየሽ እኔም አላየሁሽም። ፊቴ ከታየሽ ግን ዕድል አለሽ። ጫኑ፣ ልሂድ።

ዝምታ፦

ይሄን ለመጻፍ አመነታሁ። እኔ የመኪና በር ከፍቼ ሰው የመታሁ ነኝ።

መኪናውን ዳር አቁሜ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በሩን ገፋሁት። እንዲሁ፣ ሁሌ እንደማደርገው። የሰማሁት ድምፅ አሁንም አይጠፋኝም፣ የብረት ድምፅ አልነበረም፣ ሰው አየር ሲያጣ የሚያወጣው ዓይነት ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በሩ ጫፍ ላይ ተመትተው ወደ መኪናው መንገድ ወደቁ። ከኋላ የሚመጣው መኪና በጊዜ ቆመ። አንገታቸው ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ለሁለት ወር እጃቸው ታስሮ ነበር። ሄጄ ስጠይቃቸው እሳቸው ነበሩ እኔን የሚያጽናኑኝ።

አሁን በሩን የምከፍተው ራቅ ባለው እጄ ነው። በሩ በግራዬ ከሆነ በቀኝ እጄ። ሞክሩት፣ እጃችሁ ሲሻገር ትከሻችሁ ይዞራል፣ ትከሻችሁ ሲዞር ዓይናችሁ ወዳልፈለጋችሁትም ቦታ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዘዴው በሆላንዶች ስም ነው የሚጠራው፣ ከላይ የተጠቀሰው የ2022 የእንግሊዝ ደንብ ውስጥም ገብቷል። ልጆቼንም አስተምሬያቸዋለሁ፣ የተሳፋሪ በርም እኩል ይመታል።

@ሁለት_ጎማ ከቆሙ መኪኖች ቢያንስ አንድ ሜትር ራቂ፣ የተከፈተ በር ያን ያህል ይወጣል። መስመሩ በበሩ ሥር የተሰመረ ከሆነ የመስመሩን የግራ ጫፍ ይዘሽ ንጂ። ያሰመረው ሰው በሩን አላሰበበትም።

ንድፍ፦

ሥራዬ መንገድ መንደፍ ነው፣ ስለዚህ @ዝምታ ያለችው እኛን ነው የነካው። ልክ ነች።

@የማለዳ_ፔዳል መሐል ግቢ ያልከው አንተን በመሰለ 10 ዓመት በነዳ ሰው ላይ ይሠራል። በሰዓት 50 የሚነዳበት መንገድ ላይ 8 ወር የነዳችን ልጅ፣ ወይም የ12 ዓመት ልጅን፣ መሐል ግቡ ማለት አልችልም። የመስቀለኛው ጣጣ በነጂው ድፍረት መፈታት አልነበረበትም። ቀለም መኪና አያቆምም። አብዛኛው የተቀባ መስመር እንዲያውም በሚያስፈልግበት ቦታ፣ መስቀለኛው ላይ፣ ተቆራርጦ ይጠፋል።

ሆላንድን ሁሉም ከጥንት ጀምሮ ብስክሌት የሞላባት አገር ያስመስላታል። በ1971 እ.ኤ.አ. እዚያ አገር ከ400 በላይ ሕፃናት በመንገድ ላይ አልቀዋል። ወላጆች አደባባይ ወጡ፣ መንገድ ላይ ተኙ፣ ቀጥሎ የነዳጅ ቀውሱ መጣ፣ ከዚያ ነው መንገዱ መለወጥ የጀመረው። አሁን መስቀለኛቸው ላይ ጥግ ጥጉን ትንሽ የመንገድ ደሴት (ከአስፋልቱ ከፍ ያለች መከለያ) ታያላችሁ። ሥራዋ ቀላል ነው፤ ሾፌሩ በጠባቡ ስለሚታጠፍ ይቀንሳል፣ የብስክሌቱ ማቋረጫ ደግሞ የአንድ መኪና ርዝመት ያህል ወደ ውስጥ ስለገባ ሾፌሩ ብስክሌተኛዋ ጋ ሲደርስ ታጥፎ ጨርሷል፤ በስፖኪዮ ሳይሆን በፊት መስታወቱ ነው የሚያያት። @ስፖኪዮ መጨፈር አያስፈልግህም ማለት ነው።

ይሄን ለመሥራት ቦታም ገንዘብም የለም ሲሉኝ ፍጥነቱን ቀንሱ እላለሁ። ደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 50 የሚሄድ ሾፌር ለመደንገጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 14 ሜትር ያህል ሄዷል፣ ፍሬን ይዞ ለመቆም ሌላ 14። በ30 ከሆነ ሁለቱም ተደምሮ 13 ነው። 50 የሚሄደው ሰውዬ ገና ፍሬኑን ሳይረግጥ 30 የሚሄደው ቆሟል።

የማለዳ_ፔዳል፦

@ንድፍ አልከራከርህም፣ ደሴቷን ስትሠራልን መሐል መግባቱን እተዋለሁ። እስከዚያ ግን ነገ ጠዋት ሥራ መግባት አለባት። መንገዱ አስፈሪ ከሆነና መሐል መግባት ካልቻልሽ፣ @ሁለት_ጎማ፣ ቀንሺና መኪናውን አሳልፊው። አምስት ሰከንድ ነው።

ሳልጠይቅሽ፣ ከወደቅሽ በኋላ ብስክሌቱን አስመርምረሻል? የፊት ጎማው ሲሽከረከር ይወላገዳል? የፍሬን ሽቦው አልተጎተተም? ሄልሜትሽንስ ውስጡን አይተሻል?

ሁለት_ጎማ፦

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @ዝምታ በተለይ አንቺን።

ትናንት ወደ መስመሬ ተመለስኩ። ያው መስቀለኛ። አንድ ግራጫ መኪና ቀደመኝ፣ ቀነሰ፣ ፍሬቻ የለም። የፊት ጎማውን አየሁ፣ ትንሽ ዞር ብሏል። ቀነስኩ። ሾፌሯ በስፖኪዮ አይታኝ እጇን አውጥታ እለፊ አለችኝ፣ እኔም በእጄ እለፊ አልኳት፣ እሷም እንደገና፣ ሁለታችንም ቆመን ቀረን፣ ከኋላ ክላክስ ቀለጠ። በመጨረሻ እሷ አለፈች። መሐል መግባቱን አልሞከርኩትም፣ እሑድ መንገዱ ጭር ሲል እሞክራለሁ። ፍሬኑን ግን ግቢ ውስጥ ተለማምጃለሁ፣ አራተኛው ላይ ነው የኋላ ጎማዬ መነሳት ያቆመው።

@የማለዳ_ፔዳል ጎማው ደህና ነው፣ ሽቦውም። ሄልሜቱን ግን አንተ ስትል ነው ያነሳሁት። ከላይ ጭረት እንኳን የለውም። ውስጡን ስፖንጁን ገልጬ ሳየው ነጩ ፎም ከግራ ጆሮ በላይ እስከ ኋላ ድረስ ተሰንጥቋል። ጭንቅላቴ መሬት መንካቱን አላወቅኩም ነበር።